አፕግሬድ ከተደረገ በኋላ ዲስኩ ሲጠፋ፦ የስቶሬጅ ኮንትሮለርን ችግር በቅደም ተከተል መለየት

በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮዎች፣ የጽሕፈትና የኅትመት ቤቶች፣ አነስተኛ ቢሮዎችም ኮምፒውተራቸውን ሙሉ በሙሉ ከመቀየር ይልቅ አፕግሬድ ማድረግን ይመርጣሉ። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ይቀየራሉ፣ ኤስኤስዲ ይጨመራል፤ የዓመታት ሥራ ያለባቸው አሮጌዎቹ ሃርድ ዲስኮች ግን ባሉበት ይቀጥላሉ። ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚነሣው አዲሱና አሮጌው በሚገናኙበት ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ ዲስኮቹን ግን አያያቸውም፤ ወይም ያያቸውና ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ መሀል ላይ ስታክ ያደርጋል፤ ወይም ደግሞ ዊንዶውስ ሳይከፈት ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቆማል።

ስቶሬጅ ኮንትሮለር ዲስኮችን ከተቀረው ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። በአብዛኛው ማሽን በማዘርቦርዱ ላይ ይገኛል፤ ብዙ ዲስክ በሚይዙ ማሽኖች ደግሞ በፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ላይ የሚሰካ ካርድ ሆኖ ይጨመራል። ማዘርቦርድ ሲቀየር አብሮ የሚቀየረው እሱ ስለሆነ፣ ከአፕግሬድ በኋላ ዲስክ ሲጠፋ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ወደ ዲስኩ የሚወስደው መንገድ ነው። ትናንት ማታ በደኅና ሲሠራ ያመሸ ሃርድ ዲስክ፣ ዛሬ ማዘርቦርድ ስለተቀየረ ብቻ አይሞትም። ይህን አጥብቄ የምጽፈው፣ በእጄ ካለፉት ሥራዎች መካከል ፋይል ለዘለቄታው የጠፋባቸው አብዛኞቹ የጠፉት ኮንትሮለሩ ስለተበላሸ ሳይሆን ጠጋኙ ቸኩሎ ፎርማት ስላደረገ በመሆኑ ነው።

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምትሠራ አንዲት የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያ ኮምፒውተሯን በነጠላ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች። ማዘርቦርዱን ሌላ ቦታ አስቀይራ፣ በላዩ ላይ ኤም.2 ኤስኤስዲ (በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ቀጭን ኤስኤስዲ) አስገጥማ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ ከ4ቱ ሃርድ ዲስኮች 2ቱ የሉም። «ወንድም ዓለም፣ የሰው ሠርግ እኮ ነው፤ ኒካሁም ቅልቅሉም እዚያ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛ አይደገስም» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ማንም ካልነካው ዕቃሽ አለ» አልኳት። እንዳልኩትም ዲስኮቹን ማንም አልነካቸውም ነበር። የጠፉበትን ምክንያት ከታች በቦታው እገልጻለሁ።

ደረጃ 1፦ በዲስኩ ላይ ምንም ነገር እንዳይጻፍ ያድርጉ

ዊንዶውስ ዲስኩን በትክክል ማንበብ ሲያቅተው «ፎርማት ላድርገው?» ወይም «ኢኒሻላይዝ ላድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። ለሁለቱም መልሱ «ካንስል» ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ በራሱ የዲስክ ፍተሻ ሊጀምር ሲልም ያስቁሙት፤ ምክንያቱም ኮንትሮለሩ የተዛባ መረጃ እያቀበለ ከሆነ ፍተሻው ደኅና የነበረውን የፋይል ማውጫ «እጠግናለሁ» ብሎ ሊያበላሸው ይችላል። ዲስኮቹ በሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያሠራው ዘዴ) የተጣመሩ ከሆኑ አዲስ ሬይድ አይፍጠሩ፤ ከመንቀልዎ በፊት የትኛው ዲስክ በየትኛው ፖርት እንደነበረ በማርከር ጀርባው ላይ ቁጥር ይጻፉበት። የሰርቨር ሬይድ ካርድ «ፎሪን ኮንፊገሬሽን አግኝቻለሁ» ካለ፣ ቀድሞ የነበረውን ጥምረት ከዲስኮቹ ላይ አንብቤያለሁ ማለቱ ነውና «ኢምፖርት» የሚለው እንጂ «ክሊር» የሚለው አይመረጥም።

አፕግሬዱ ገና ያልተጀመረ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመር። ዊንዶውሱ ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው) የበራበት ከሆነ፣ ማዘርቦርድ ሲቀየር ባለ 48 አሃዝ የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉን አስቀድመው ወረቀት ላይ ይገልብጡ፣ ቢትሎከሩንም ለጊዜው ያግዱት። ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለው ነገር እንደጠፋ ይቆጠራል።

ደረጃ 2፦ የተለወጠውን ይዘርዝሩ፣ አንድ በአንድም ወደ ኋላ ይመልሱ

ምን ምን ተቀየረ? ማዘርቦርድ ብቻ ነው ወይስ ፓወር ሳፕላይም? ኤም.2 ኤስኤስዲ ተጨምሯል? የግራፊክስ ካርድ ገብቷል? የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) ቅጂ ታድሷል? ሁሉንም በወረቀት ላይ ካሰፈሩ በኋላ ከተጨመሩት ዕቃዎች አንዱን ብቻ አውጥተው ይሞክሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከነኩ ችግሩ ቢፈታም የፈታውን አያውቁትም፤ በሳምንቱ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራሉ።

ደረጃ 3፦ ኃይሉንና ኬብሉን ያረጋግጡ

ፓወር ሳፕላይ ተቀይሮ ከሆነ ከማብራትዎ በፊት አንድ ከባድ ጥንቃቄ አለ። ኬብላቸው ከሣጥኑ በሚነቀል ፓወር ሳፕላዮች ላይ፣ በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም በሣጥኑ በኩል ያለው የሽቦ አቀማመጥ ከአምራች ወደ አምራች ይለያያል። የአሮጌውን ኬብል በአዲሱ ላይ ሰክቶ ማብራት 12 ቮልቱን 5 ቮልት ወደሚጠብቀው መስመር ሊሰድደውና ያሉትን ዲስኮች በሙሉ በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥላቸው ይችላል። ኬብሉ ልክ ገባ ማለት ይሠራል ማለት አይደለም፤ ከአዲሱ ፓወር ሳፕላይ ጋር የመጣውን ብቻ ይጠቀሙ።

አንድ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ከ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ገደማ ይስባል። 4 ዲስክ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ 8 አምፔር በአንድ ቀጭን ሽቦ ያልፋል ማለት ነው። ዲስኮቹ እየተነሡ በመልቲሜትር ሲለካ 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች፣ 5 ቮልቱም ከ4.75 በታች ከወረደ ጥፋቱ የኮንትሮለሩ ሳይሆን የኃይሉ ነው። ዲስኮቹን በሁለት የተለያዩ መስመሮች ላይ ያከፋፍሏቸው። ከሞሌክስ (ከአሮጌው ባለ 4 ፒን የኃይል መሰኪያ) ወደ ሳታ (ወደ ዛሬዎቹ ዲስኮች መሰኪያ) የሚቀይሩትን፣ ፕላስቲካቸው በሽቦው ላይ የፈሰሰ ርካሽ ማገናኛዎች እኔ አልጠቀምባቸውም፤ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተው ሲነዱ አይቻለሁ።

ከሰርቨር የወጡ አንዳንድ አዳዲስ ሃርድ ዲስኮች ደግሞ ጨርሶ አለመሽከርከራቸው ብልሽት ላይሆን ይችላል። በሳታ የኃይል መሰኪያ ላይ 3ኛው ፒን ቀድሞ 3.3 ቮልት ያደርስ ነበር፤ በእነዚህ ዲስኮች ላይ ግን ያው ፒን «ጥፋ» የሚል ትእዛዝ ሆኗል። አሮጌው ፓወር ሳፕላይ በዚያ መስመር ምንም ስለማይልክ ዲስኩ ይሠራ ነበር፤ አዲሱ ስለሚልክ ይተኛል። ፒኑን ሙቀት በሚችል ቀጭን ኢንሱሌሽን ቴፕ መሸፈን ይበቃል።

የዳታ ኬብሉን በተመለከተ ሳይመራመሩ በሌላ ይቀይሩት። ከካርድ ወጥቶ ወደ 4 ሳታ የሚከፈለው ኬብል ግን ማስተዋል ይሻል፤ ከካርድ ወደ ዲስክ የሚሄደውና በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሠራው ሲታዩ መንታ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይሠራም።

ደረጃ 4፦ ባዮሱ ዲስኩን ያየዋል ወይ?

መንገዱ ሁለት ቦታ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ በብዙ ሌሎች ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ የዲሊት ቁልፍን ደጋግመው ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡና የዲስኮቹን ዝርዝር ይመልከቱ። ባዮሱ ዲስኩን በስሙና በመጠኑ የሚያሳይ ከሆነ ኬብሉ፣ ኃይሉና ፖርቱ በመሠረቱ ይሠራሉ፤ ችግሩ በአሠራር ምርጫው ወይም በድራይቨሩ (ዊንዶውስ ዕቃውን በሚያዝበት ሶፍትዌር) ላይ ነውና ወደ ደረጃ 5 ይለፉ። ባዮሱም የማያየው ከሆነ ዊንዶውስን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

ደረጃ 5፦ ባዮሱ ያየዋል፣ ዊንዶውስ ግን አይነሣም ወይም አያየውም

«ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ ሲጫን ኮንትሮለሩ የነበረበት ሞድ (ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ስልት) አሁን ካለበት ይለያል ማለት ነው። የሳታ ኮንትሮለር እንደ ማሽኑ ዕድሜ በአይዲኢ (በአሮጌው)፣ በኤኤችሲአይ (በአዲሱ) ወይም በሬይድ ሞድ ይሠራል። ዊንዶውስ ሲነሣ የሚጭነው የሚያስፈልገውን ድራይቨር ብቻ ስለሆነ፣ ሞዱ በድንገት ሲቀየርበት ራሱ የተጫነበትን ዲስክ ማንበብ ያቅተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ባዮስ ውስጥ ገብተው ሞዱን ወደነበረበት ይመልሱ። የነበረበትን ካላወቁ አንዱን ሞክረው ካልሆነ ሌላውን ይሞክሩ። ሞዱን መቀያየር ብቻውን በዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል አያጠፋም፤ በሬይድ የተጣመሩ ዲስኮች ካሉ ግን ይህን ሙከራ አያድርጉ።

ቀድሞ ካልነበረበት ወደ ኤኤችሲአይ መሄድ የግድ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ በአሮጌው ሞድ ዊንዶውሱን ያስነሡ፤ በፍለጋው ላይ ሲስተም ኮንፊገሬሽን የሚለውን ከፍተው «ቡት» በሚለው ገጽ ላይ «ሴፍ ቡት»ን ምልክት ያድርጉበት። ሪስታርት አድርገው በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ይግቡ፣ ሞዱን ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩ፣ ሴቭ አድርገው ይውጡ። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሣ ትክክለኛውን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ ይጭናል። ከዚያ ያደረጉትን ምልክት አንሥተው እንደገና ሪስታርት ያድርጉ። በሴፍ ሞድ ውስጥ አጭሩ የፒን ቁጥር አልሠራም ሊል ስለሚችል፣ ከመጀመርዎ በፊት ዋናውን ፓስወርድ ከባለቤቱ ጠይቀው ይያዙ። ባለቤቱ ሐይቅ ከተማ ወርዶ ስልኩ አልነሣ ብሎኝ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የጠበቅኩበት ቀን አለ።

ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል፤ ቪኤምዲ የሚባል፣ ኤስኤስዲዎችን በኢንቴል በኩል የሚያስተዳድር ምርጫ በባዮሱ ውስጥ በርቶ ከተገኘ የዊንዶውስ መጫኛው ኤስኤስዲውን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ወይ ቪኤምዲውን ያጥፉት፣ ወይም ድራይቨሩን ከዚፕ አውጥተው በፍላሽ ይዘው በመጫኛው ላይ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ያስገቡት። ማጥፋቱ የሚመከረው ገና ባዶ በሆነ ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ቀድሞ በቪኤምዲ የተጫነበት ከሆነ ሲያጠፉት ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል።

ባዮሱ ዲስኩን በዝርዝሩ ውስጥ እያሳየ ከማስነሻ ምርጫው ውስጥ የሚያጣው ከሆነ ደግሞ፣ አሮጌው ዊንዶውስ በኤምቢአር (በአሮጌው የዲስክ አከፋፈል) የተጫነ፣ አዲሱ ማዘርቦርድ ደግሞ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የባዮስ ዓይነት) ብቻ የሚነሣ ሊሆን ይችላል። ባዮሱ ሲኤስኤም የሚል፣ አሮጌውን አነሣስ የሚፈቅድ ምርጫ ካለው ያብሩት። ከሌለው ሥራውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው ወደ ጂፒቲ (ወደ አዲሱ አከፋፈል) መቀየር ነው።

ድራይቨሩን ከዕቃው ለመለየት ኡቡንቱ (ከዊንዶውስ ሌላ የሆነ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ያለበት ፍላሽ ሁልጊዜ በእጄ ነው። ሳልጭነው ከፍላሹ አስነሥቼ አያለሁ፤ ዲስኩና ፋይሉ እዚያ ከታዩ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ጉዳዩ የዊንዶውስ ነው። ኮንትሮለሩ በኢንቴል ሬይድ ሞድ ላይ ከሆነ ግን ኡቡንቱም ኤንቪኤምኢውን (በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር የሚሠራውን ፈጣን ኤስኤስዲ) ላያየው ስለሚችል፣ አልታየም ብሎ ዲስኩን መኮነን አይገባም።

ደረጃ 6፦ ባዮሱም አያየውም

የቪዲዮ ባለሙያዋን 2 ዲስኮች የሰወራቸው ነገር እዚህ ላይ ነው። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የኤም.2 ስሎቱና አንዳንድ የሳታ ፖርቶች አንድ መስመር ይጋራሉ፤ ኤም.2 ላይ ኤስኤስዲ ሲገባ እነዚያ ፖርቶች ይዘጋሉ። ስለ መዘጋታቸው ስክሪኑ ላይ የሚወጣ መልእክት የለም። በእሷ ማዘርቦርድ ላይ የተዘጉት 5ኛውና 6ኛው ነበሩ፤ ዲስኮቹ የተሰኩትም እነሱ ላይ ነበር። 2ቱን ኬብሎች ነቅዬ ወደ ባዶዎቹ 3ኛና 4ኛ ፖርቶች ሳዛውራቸው፣ ሠርጉም ኒካሁም በየፎልደሩ ቁጭ ብሎ ተገኘ። የትኛው ስሎት የትኛውን ፖርት እንደሚዘጋ በማዘርቦርዱ ማኑዋል ውስጥ በሠንጠረዥ ተጽፎ ይገኛል። ማኑዋሉ ከሌለ ኤስኤስዲውን አውጥቶ ማስነሣት ነው፤ ዲስኮቹ ተመልሰው ከታዩ ምክንያቱ ተገኘ።

ያልታየው ራሱ ኤም.2 ኤስኤስዲው ከሆነ ዓይነቱን ያጣሩ። መልካቸው ተቀራራቢ ሆኖ አንዱ በሳታ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ይሠራል፤ አንዱን ብቻ የሚቀበል ስሎት አለ።

ዲስኮቹ በካርድ ላይ የተሰኩ ከሆኑ ግን ካርዱ ያለበትን ስሎት ይመርምሩ። ረጅም ስሎት ሁሉ ሙሉ መስመር የለውም፤ ሁለተኛው ረጅም ስሎት ብዙ ጊዜ በውስጡ 4 መስመር ብቻ ያለው ነው፣ እሱንም ከኤም.2 ጋር ሊጋራ ይችላል። ካርዱን ለጊዜው በግራፊክስ ካርዱ ቦታ ሰክተው ስክሪኑን በማዘርቦርዱ መሰኪያ ያስነሡት። እዚያ ከሠራ ካርዱ ደኅና ነው፤ የሚቀረው ስሎት መምረጥ ነው። በዲቫይስ ማኔጀር (በዊንዶውስ የዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ «ኮድ 12» ካለ ለካርዱ የሚበቃ ቦታ አላገኘሁለትም ማለቱ ነውና የማይጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች በባዮስ ውስጥ ያጥፉ፤ «ኮድ 28» ድራይቨር የለውም፣ «ኮድ 10» ደግሞ አልነሣ አለኝ ማለት ነው።

ከአሮጌ ዴል ሰርቨር የወጣ ሬይድ ካርድ ተራ ማዘርቦርድ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሣ የሚልበት ጊዜ አለ። በብዙ ኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ የሚታወቀው መፍትሔ፣ የካርዱ ቺፖች በተሰኩበት ገጽ በኩል ከብረት መያዣው ጫፍ ጀምሮ ሲቆጠር 5ኛውንና 6ኛውን የመዳብ ጥርስ በቀጭን ቴፕ መሸፈን ነው።

ደረጃ 7፦ ይታያል፣ ሥራ ሲበዛበት ግን ይጠፋል

ይህኛው ከሁሉ ያስቸግራል፤ ጠጋኙ ጋ ሲደርስ ይሠራል፣ ባለቤቱ ቤት ሲገባ ይጠፋል። ኢቨንት ቪውወርን (የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ) ከፍተው «ሲስተም» በሚለው ውስጥ ቁጥር 129ን ይፈልጉ፤ ዲስኩ አልመለስ ስላለ ኮንትሮለሩ እንደገና ቀሰቀሰው ማለት ነው። ቀጥሎ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም የዲስኩን የስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ጤንነቱ ራሱ የሚመዘግበውን) ያንብቡ። ቁጥር 199 (በመንገድ ላይ የተበላሸ መረጃ) እየጨመረ ከሄደና 5፣ 197 እና 198 (የተበላሹ የዲስኩ ክፍሎች) ዜሮ ከሆኑ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ መረጃ የሚበላሸው በመንገድ ላይ፣ ይኸውም በኬብሉ ወይም በመሰኪያው ነው። 197 ወይም 198 እየጨመረ ከሆነ ግን ኮንትሮለሩን መመርመር ትተው ዕለቱኑ ሥራውን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። አሮጌው የ199 ቁጥር ኬብሉ ቢቀየርም ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ስለዚህ የሚታየው መጠኑ ሳይሆን ጭማሪው ነው።

ሙቀትም አለ። የሰርቨር ካርዶች የተሠሩት ኃይለኛ ነፋስ በላያቸው ላይ እንዲያልፍ ታስቦ ስለሆነ የራሳቸው ፋን የላቸውም። በተራ ሣጥን ውስጥ፣ ያውም ደሴን በመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ የማቀዝቀዝ አቅሙ በሚቀንስበት ቦታ፣ ከሩብ ሰዓት ሥራ በኋላ ጣት የማያስነካ ይሆናሉ። አንዲት ትንሽ ፋን ፊት ለፊቱ ማሰር በቂ ነው። በክረምት ጧት በብርድ ያደረ ኮምፒውተር የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጠል ይሠራል፤ ለጥቂት ሰዓታት ሳይበራ ይቆይ።

ደረጃ 8፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚመለስ ችግር

ሁሉም ተስተካክሎ ለሁለት ሳምንት በደኅና ሠርቶ፣ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያው ሰማያዊ ስክሪን ተመልሶ ቢመጣ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ይለኩ። ባትሪዋ ከደከመች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ምርጫውን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። በብዙ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሞዴሎች የፋብሪካው ምርጫ ሬይድ ነው፤ ዊንዶውሱ በኤኤችሲአይ ከተጫነ መብራት በሄደ ማግስት አይነሣም። ምልክቱ ሰዓቱና ቀኑ መዛባታቸው ነው። ዊንዶውሱ ሦስት ጊዜ በከንቱ እንደገና የተጫነበት እንዲህ ያለ ማሽን እጄ ገብቶ ያውቃል፤ ያስፈለገው አንድ ባትሪና አንድ የባዮስ ምርጫ ብቻ ነበር።

ከማስረከብዎ በፊት

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው ለ10 ደቂቃ ያቆዩትና ያስነሡት፤ ይህን 3 ጊዜ ይድገሙ። ከዚያ ከ50 ጊጋባይት የማያንስ ፋይል ከአንዱ ዲስክ ወደ ሌላው ይገልብጡ፣ በመሀሉም ካርዱንና የኃይል ማገናኛዎቹን በእጅዎ እየዳሰሱ ሙቀታቸውን ይከታተሉ። ኢቨንት ቪውወሩ ውስጥ አዲስ 129 ካልተመዘገበና 199 ካልጨመረ ሥራው አልቋል። በመጨረሻም የኮንትሮለሩን ሞድ፣ የተዘጉትን ፖርቶችና የዲስኮቹን ተራ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው በሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ይለጥፉት፤ ለቪዲዮ ባለሙያዋ የለጠፍኩት «5 እና 6 ላይ አይሰካም፤ ሞዱ ኤኤችሲአይ ነው» የሚል ነበር።